ቀለም ስሜትን ሲናገር

ሠዓሊ የሰውን ፊት ሲሥል ሁለት ነገሮችን ሊያሳየን ይችላል፤ አንደኛው የሰውየው መልክ፣ ሁለተኛው ሠዓሊው ስለዚያ ሰው የተሰማው ስሜት ነው። መልክን አስመስሎ ለመሣል የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ስሜትን ለመግለጽ ግን ቀለምንና የሥዕሉን ገጽ አስቦ መምረጥ ይገባል። የኔዘርላንዱን ሠዓሊ የቪንሰንት ቫን ጎግን ሥራዎች ለምሳሌ እንመልከት።

ቫን ጎግ «ድንች ተመጋቢዎች» የተባለውን ሥዕል የሠራው በ1885 (እ.ኤ.አ.) ነው። አምስት የገበሬ ቤተሰብ አባላት በአንዲት ፋኖስ ብርሃን ሥር ተቀምጠው ድንች ይበላሉ። ቤቱ ጨለማ ነው። ፊታቸውም አፈር ያልተራገፈለትና ያልተላጠ ድንች ይመስላል። ሠዓሊው ይህን ቀለም የመረጠው ሆን ብሎ ነው። ወደ ሳሕኑ የሚዘረጋው እጅ መሬቱን የቆፈረው ያው እጅ መሆኑን፣ ምግቡም በላብ የተገኘ መሆኑን ለማሳየት እንደ ፈለገ ለወንድሙ ለቴዎ ጽፏል። ሠዓሊ የነበረ አንድ ወዳጁ ሥዕሉን አጥብቆ ነቀፈው። ቫን ጎግ ግን ሰዎቹን ከማሳመር ይልቅ የድካማቸውን እውነት መግለጽ መረጠ።

በ1888 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአርል ከተማ፣ «የሌሊቱ ቡና ቤት» የተባለውን ሥዕል ሠራ። ግድግዳው ቀይ፣ ጣሪያው አረንጓዴ፣ መብራቱ ቢጫ ነው። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። በሥዕሉ ውስጥ የሚጣላ ሰው የለም፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ይታያሉ። ተመልካቹ ግን ከቀለማቱ ግጭት የተነሣ ዕረፍት ያጣል።

የሥዕሉ ገጽም እንደ ቀለሙ ይናገራል። ቫን ጎግ በዚያው ዓመት የሱፍ አበባዎችን ሲሥል የዘይት ቀለሙን በሸራው ላይ አወፍሮ ለጠፈው። የብሩሹ መንገድ እንደ እርሻ ትልም ጎልቶ ስለሚታይ፣ የአበባው ሻካራነት በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል።

ከዚህ የድርሰት ጸሓፊም የሚማረው አለ። «ሽማግሌው ደክመዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስሜቱን ይነግረናል። «ሽማግሌው በትራቸውን ደጃፉ ላይ አስደግፈው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ መደቡ ላይ ጋደም አሉ» የሚለው ግን ድካሙን ያሳየናል። ቀለም ለሠዓሊው እንደ ሆነ ሁሉ፣ የተመረጠ ዝርዝር ነገር ለጸሓፊው የስሜት መግለጫው ነው።

መልመጃ

፩. ቫን ጎግ ለገበሬዎቹ ፊት የአፈር ቀለም የመረጠው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አባባል አስረዱ።

፪. «ደስታ»፣ «ፍርሃት» ወይም «ኀዘን» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ፣ ከሦስቱ ስሜቶች አንዱን የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ጻፉ።