«ለገሃር» ወንዝ ነውን?

ከአምቦ ወይም ከጉደር ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው «ለገሃር» ሲባል ቢሰማ ወንዝ ቢመስለው አይፈረድበትም። በምዕራብ ሸዋ በሚነገረው በኦሮምኛ «ለገ» ማለት ወንዝ ነውና፤ ለገጣፎና ለገዳዲም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ቃል ነው።

ለገሃር ግን ከወንዝ ጋር ዝምድና የለውም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፥ የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረና ጣቢያው «ላ ጋር» ተባለ፤ ትርጓሜውም «ጣቢያው» ማለት ነው። ሕዝቡም ቃሉን ለአፉ አመቻችቶ ለገሃር አለው። ዛሬ ያ አሮጌ ባቡር ከዚያ መነሣቱ ቢቀርም፥ ስሙ ለሰፈሩ፥ ለአውቶቡስ ማቆሚያውና ለንግድ ቤቶች ርስት ሆኖ ቀርቷል። አምቦም እንዲሁ የከተማ፥ የማዕድን ውሃና የዩኒቨርሲቲ ስም ነው።

እንግዲህ ጸሓፊ በመዝገብ ላይ «ለገሃር» ብቻ ብሎ ቢያሰፍር፥ ሰፈሩን ይሁን በስሙ የተጠራውን ቤት ካልለየ፥ ከሩቅ የመጣውን ባለጉዳይ ያንከራትታል። ስሞች በድምፅ ቢመሳሰሉም በልደት ይለያያሉ፤ ስለዚህ ከመተርጐም አስቀድሞ መጠየቅ፥ ከመጻፍም አስቀድሞ መለየት ይገባል።