የሰባት ዓመት ጥያቄ፦ የካናዳ ሕሙማንና የደም መልስ ሕክምና ክርክር

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ነርቮች የሚሸፍነውን ማይሊን የተባለ ልባስ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚፈጠር ሕመም ሲሆን፣ እይታን ያደበዝዛል፣ እግርን ያዝላል፣ ሚዛን ያስታል፣ ከዚህም ጋር በእረፍት የማይለቅ ድካም ያስከትላል። በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ አንድ ጊዜ እየተነሣ ሌላ ጊዜ እየበረደ የሚሄድ በመሆኑ፣ የታየው መሻሻል ከሕክምናው የመጣ ይሁን ከበሽታው ከራሱ ጠባይ ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። ካናዳ ይህ በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናትና፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ የመዳን ተስፋ ሲሰማ ከየትኛውም አገር በላይ የተናወጠችው እርሷ ነበረች።

ተስፋው የመጣው በጣሊያን የፌራራ ዩኒቨርሲቲ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ከሆኑትና ባለቤታቸው በዚሁ በሽታ ከተያዙባቸው ከፓኦሎ ዛምቦኒ ነው። ዛምቦኒ ከአንጎል ወደ ልብ ደም የሚመልሱት የአንገትና የደረት ደም መልሶች በሕሙማኑ ላይ ጠብበው እንደሚገኙ፣ ደሙም በአግባቡ ባለመውረዱ አንጎል ውስጥ ብረት እየተከማቸ ጉዳት እንደሚያደርስ ጻፉ። ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብተው፣ በጫፉ ያለውን ፊኛ በመንፋት ጠባቡን ቦታ ማስፋትን በ65 ሕሙማን ላይ ሞክረውም መሻሻል እንዳዩ ገለጹ። ይሁን እንጂ ሙከራው ማነጻጸሪያ ቡድን ያልነበረው ከመሆኑም በላይ ሐኪሙም ታካሚውም የተደረገውን ያውቁ ስለነበር፣ ከተስፋ የሚመነጨውን የመሻል ስሜት ከእውነተኛው ለውጥ ለይቶ ማሳየት አይችልም ነበር።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሲቲቪ የተባለው የካናዳ ቴሌቪዥን ጉዳዩን ሲያሰራጭ፣ ሕሙማኑ መንግሥት ሕክምናውን በአስቸኳይ እንዲፈትሽ በሰልፍና በአቤቱታ መጠየቅ ጀመሩ። የፌዴራሉን የሕክምና ምርምር ገንዘብ የሚያከፋፍለው የካናዳ የጤና ምርምር ተቋም ግን በኦገስት 2010 ከአገሪቱ የበሽታው ማኅበር ጋር በኦታዋ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከመከረ በኋላ፣ በሰው ላይ ለሚደረግ ሙከራ ጊዜው ገና ነው የሚል ምክር ሰጠ። የካናዳና የአሜሪካ ማኅበራት ከ2.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመደቡላቸው ሰባት ጥናቶች ደም መልሶቹ በእርግጥ ከበሽታው ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ቀድመው ማሳየት ነበረባቸው፤ ችግሩ መኖሩ ሳይረጋገጥ ሰውን ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም የሚለው አስተሳሰብም በራሱ ሚዛናዊ ነበር። የፌዴራሉ የጤና ሚኒስትር ሊዮና አግሉካክ መንግሥት ሙከራውን እንደሚደግፍ ያስታወቁት በጁን 2011 ሲሆን፣ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ የተገኘው ደግሞ በሴፕቴምበር 2012 ነበር።

የሕሙማኑ ምሬት ፈውስ ተነፈግን ከሚል እምነት ብቻ የመነጨ አድርጎ ማየት በደል ነው። የተነገራቸው ሕክምናው አይሠራም የሚል ሳይሆን ገና አልተመረመረም የሚል ነበርና፣ ለምን አይመረመርም ብለው መጠየቃቸው ፍጹም ተገቢ ነበር፤ የጉባኤ ቀጠሮ ለአንድ ዓመት ቢራዘም የባለሙያዎቹ ሕይወት ብዙም አይለወጥም፣ በዚያው ዓመት ውስጥ ግን አንድ ሕመምተኛ ያለ ድጋፍ መራመድ ሊያቅተው ይችላል። «ጠብቁ» ያለው መንግሥት እስከ መቼ እንደሆነ ሳይናገር በመቅረቱ፣ ብዙዎች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር እየከፈሉ ወደ ፖላንድ፣ ወደ ቡልጋሪያ፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ኮስታሪካ ሄዱ። ከተመለሱት መካከል በአገራቸው ሐኪም ቤት የክትትል ሕክምና ለማግኘት የተቸገሩ ነበሩ፤ በ2010 ደግሞ በኮስታሪካ ታክሞ የተመለሰ አንድ ካናዳዊ ከደም መርጋት በመጣ ችግር ሞተ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሕክምናውን ያገኙት ውጤቱ በሥርዓት በማይመዘገብበት ሁኔታ ስለነበር፣ የከፈሉት ዋጋ ለሌላው ሕመምተኛ እውቀት ሆኖ አልተረፈም።

ሙከራው ራሱ በባሕርዩ ችኮላን የሚፈቅድ አልነበረም። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አንቶኒ ትራቡልሲ መሪነት በቫንኩቨር፣ በዊኒፔግ፣ በሞንትሪያልና በኩቤክ ከተማ 104 ሕሙማን ተመልምለው በዕጣ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ የአንደኛው ቡድን ደም መልስ በፊኛ ሲሰፋ፣ ለሁለተኛው ቡድን ቱቦው ገብቶ ሳይሰፋ የማስመሰያ ሂደት ብቻ ተደረገለት። በሽታው እየመጣ የሚሄድ በመሆኑ ልዩነቱን ለማየት 48 ሳምንታት መከታተል ያስፈለገ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቡድኖቹ ቦታ ተለዋወጡ። ገንዘብ ያለው ሰው ሕክምናውን በውጭ አገር መግዛት በሚችልበት ወቅት፣ የተደረገላቸውን ሳያውቁ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ለመቆየት የተስማሙት እነዚህ ሕሙማን ሊከበሩ ይገባል፤ መልሱ የተገኘው በእነርሱ ትዕግሥት ነውና።

ትራቡልሲና ባልደረቦቻቸው በ2013 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ሌላ ጥናት የደም መልስ መጥበብ በሕሙማኑ፣ በወንድም በእኅቶቻቸውና በጤነኛ ባዕዳን ላይ በተመሳሳይ መጠን እንደሚታይ አሳዩ፤ በማርች 2017 ይፋ የሆነው የሙከራው ውጤትም በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚጠቀስ ልዩነት አላገኘም። ሆኖም በአሜሪካ የቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ወደ ሃያ በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ያደረጉት ተመሳሳይ ሙከራ ጥቅም አለማሳየቱን ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብለው አስታውቀው ነበር። እንዲህ ያለ ትንሽ ሙከራ ክርክሩን ባይዘጋውም፣ ካናዳ በ2010 በጥንቃቄ ልትጀምረው ትችል የነበረ ሥራ መኖሩን ያሳያል፤ መዘግየቱ ሁሉ ሳይንስ ያስገደደው አልነበረም። በኖቬምበር 2017 ዛምቦኒ ራሳቸው በጣሊያን የመሩት ሙከራ ታትሞ ሕክምናው ለሕሙማኑ እንዳይመከር ሲደመድም፣ መልሱን በ2010 ከማንም በላይ ይፈልጉ ከነበሩት ብዙዎቹ ገንዘባቸውን ከፍለው በባዕድ አገር ታክመው ነበር።