የባለሙያ የጥፍር ቀለምን ከሐሰተኛው ለይቶ ለማወቅ፦ በኢሉባቦር ከተሞች ለሚገኙ የውበት ሳሎኖችና ተጠቃሚዎች

የቡና ለቀማ ተጠናቆ የሠርግ ወራት ሲቃረብ በያዮ፣ በሁሩሙና በመቱ ከተሞች የሚገኙ የውበት ሳሎኖች ሥራ ይበዛባቸዋል። በዚህ ወቅት በእጅጉ ከሚፈለጉት ምርቶች አንዱ በተለምዶ «ኩቴክስ» እየተባለ የሚጠራው የጥፍር ቀለም ነው። ኩቴክስ በመሠረቱ የአንድ አሜሪካዊ ምርት የንግድ ስም ሲሆን፣ በሕዝብ አነጋገር የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ገዢው «ኩቴክስ ስጡኝ» ሲል የየትኛውን አምራች ምርት እንደሚፈልግ አልተናገረም። ሐሰተኛው ምርትም ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዕቃው ከአስመጪው ተነሥቶ ሳሎን እስኪደርስ በበርካታ ነጋዴዎች እጅ ያልፋል፤ እጅ በበዛ ቁጥርም ምንጩን ማወቅ ያስቸግራል። በገበያ ላይ ሊያጋጥም የሚችለው ችግርም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከመነሻው ተመሳስሎ የተሠራ ምርት አለ፤ ባዶ በሆነ እውነተኛ ጠርሙስ ውስጥ ሌላ ፈሳሽ ተሞልቶ የሚሸጥ አለ፤ እውነተኛ ሆኖ ጊዜው ያለፈበት ወይም በሙቀት የተበላሸም አለ። ሁለተኛው ዓይነት ከሁሉም ይልቅ አሳሳች ነው፤ ጠርሙሱም፣ ክዳኑም፣ ጽሑፉም እውነተኛ ናቸውና።

«ፕሮፌሽናል» የሚለው ቃል በራሱ ማረጋገጫ አለመሆኑ በቅድሚያ ሊታወቅ ይገባል። ቃሉን ማንም አታሚ በመለያ ወረቀት ላይ ሊያትመው ይችላል። የባርኮድ መስመሮችም እንዲሁ ናቸው። ብዙ ሰዎች የባርኮዱን የመጀመሪያ ቁጥሮች አይተው ዕቃው የተመረተበትን አገር እንዳወቁ ያስባሉ። ይሁን እንጂ ቁጥሮቹ የሚያመለክቱት ድርጅቱ ባርኮዱን የወሰደበትን የምዝገባ ተቋም እንጂ ፋብሪካው የሚገኝበትን ቦታ አይደለም፤ ከዚህም ሌላ በቀላሉ ይገለበጣሉ።

የተሻለ መረጃ የሚሰጠው የምርት መለያ ቁጥሩ ወይም ባች ቁጥሩ ነው። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በጠርሙሱ ሥር ታትሞ ይገኛል፤ ምርቱ ካርቶን ካለው በካርቶኑ ላይ ከሚገኘው ጋር መመሳሰል አለበት። ሳሎኖች በአንድ ጊዜ በርካታ ቀለሞችን ስለሚገዙ ቀላል የማነጻጸሪያ ዕድል አላቸው። ቀይ፣ ሮዝና ጥቁር ቀለም በፋብሪካ በተለያየ ዙር ተበጥብጠው የሚሞሉ በመሆናቸው የተለያየ ባች ቁጥር ይኖራቸዋል። አሥር የተለያዩ ቀለሞች አንድ ዓይነት ባች ቁጥር ይዘው ከተገኙ ብርቱ ጥርጣሬ ሊያድር ይገባል። የተፋቀ ወይም በሌላ ወረቀት የተሸፈነ ቁጥርም እንደዚሁ ነው።

ፈሳሹን በተመለከተ፣ ቀለሙ ከታች መዝቀጡ ብቻውን የሐሰተኛነት ምልክት አይደለም። እውነተኛ የጥፍር ቀለምም ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ይዘቅጣል፤ ጠርሙሱ በመዳፍ መካከል ሲንከባለል ግን መልሶ ይዋሐዳል። ተንከባልሎም እየጓጎለ የሚቀር ወይም ብሩሹ ላይ እንደ ክር የሚጎተት ፈሳሽ አጠራጣሪ ነው። ሽታም ብቻውን አይፈርድም። የጥፍር ቀለም ማሟሚያ የሆኑት ኤቲል አሲቴትና ቡቲል አሲቴት በእውነተኛውም ምርት ውስጥ ጠንከር ያለ ሽታ አላቸው። ዓይንን የሚያቃጥልና ጉሮሮን የሚቧጥጥ ሽታ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እንዲህ ያለውን ምርት መጠቀም ማቆም ይገባል። እዚህ ላይ ለሳሎን ባለቤቶች አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ የወፈረን ቀለም በአሴቶን ማቅጠን የቀለሙን ሽፋን ስለሚያበላሽ፣ እውነተኛውን ምርት ራሱን ሐሰተኛ ያስመስለዋል።

ጄል ወይም «ሼላክ» እየተባለ ለሚሸጠው ምርት ደግሞ ማንኛውም ሰው ሊያደርገው የሚችል ሙከራ አለ። ጄል የሚደርቀው በመብራት ነው፤ ከመብራትና ከፀሐይ ብርሃን ርቆ ሲቀመጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ጠብታ በፕላስቲክ ላይ አድርጎ ጨለማ ውስጥ ማሳደር በቂ ነው። በማግሥቱ ደርቆ ከተገኘ፣ በጄል ዋጋ የተገዛው ተራ የጥፍር ቀለም ነው። ሙከራው ግን ጄል መሆኑን እንጂ ጄሉ ጥራት ያለው መሆኑን አያሳይም። እንደ ጄሉ ሁሉ፣ በዱቄትና በፈሳሽ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጥፍርም በአሴቶን ተነክሮ የማይለቅና ሲሞረድ ከልክ በላይ የሚጠነክር ከሆነ ሜቲል ሜታክሪሌት የተባለው ኬሚካል እንዳለበት ሊጠረጠር ይገባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ኬሚካል በያዙ የጥፍር ምርቶች ላይ እርምጃ የወሰደው ገና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር።

የጉዳዩ ክብደት ከገንዘብ ብክነት ያልፋል። በጄል ውስጥ የሚገኙት አክሪሌት የተባሉ ኬሚካሎች ሳይደርቁ ቆዳ ሲነኩ አለርጂ ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ ይህ አለርጂ አንዴ ከተቀሰቀሰ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። ተመሳሳይ ኬሚካሎች በጥርስ ሙሌትና በአንዳንድ የሕክምና ሙጫዎች ውስጥም ስለሚገኙ ችግሩ በጥፍር ላይ ብቻ አይቆምም። ደንበኛዋ በወር አንድ ጊዜ የምታገኘውን ኬሚካል ባለሙያዋ በየቀኑ ትነካለች፣ ትተነፍሳለች፤ ነፍሰ ጡር ከሆነችም ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። የንጥረ ነገር ዝርዝር የሌለውን ምርት አለመግዛት የሚመከረውም ለዚህ ነው። ዳይቡቲል ፋታሌት በአውሮፓ ኅብረት በውበት መጠበቂያ ምርቶች ውስጥ የተከለከለ ነው፤ በጄል ውስጥ የሚገባው ትራይሜቲልቤንዞይል ዳይፌኒልፎስፊን ኦክሳይድም ከመስከረም 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚያው ታግዷል። ዝርዝሩ ከሌለ እነዚህ መኖር አለመኖራቸውን የሚያውቅ የለም።

ምርቱ እውነተኛም ሆነ ሐሰተኛ፣ የጥፍር ቀለምና አሴቶን በቀላሉ በእሳት የሚያያዙ ናቸው። በአካባቢው ሳሎኖች ከሰል አቀጣጥሎ ለደንበኛ ቡና ማፍላት የተለመደና የሚወደድ መስተንግዶ ነው፤ ሆኖም ምድጃው ከጥፍር መሥሪያው ክፍል ውጭ መሆን ይኖርበታል።

የውበት መጠበቂያ ምርቶችን ጥራትና ደኅንነት የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የሌላውን የንግድ ምልክት አስመስሎ መጠቀምም በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተከለከለ ነው። ገዢዎች ደረሰኝ ሊጠይቁ ይገባል፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛን ዕቃ ለማስመለስም ሆነ ምንጩን ተከታትሎ ለመድረስ አዳጋች ይሆናል። አጠራጣሪ ምርት ያጋጠማቸው ነዋሪዎች ለወረዳቸው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ መስጠት ይችላሉ። ጥቆማ ሲሰጡ ጠርሙሱን ከነፈሳሹ፣ ከነካርቶኑና ከነደረሰኙ ማቆየት ያስፈልጋል። ቆዳው ያሳከከው ወይም ያበጠ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድም ይህንኑ ጠርሙስ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ ይዞ ቢሄድ ሐኪሙ የጉዳቱን መንስኤ ለመለየት ይረዳዋል። ያለቀባቸው ጠርሙሶች ለሌላ ሰው እንዳይሸጡ ከመጣላቸው በፊት መለያ ጽሑፋቸው ቢፋቅና ብሩሻቸው ቢቆረጥ፣ ዳግም ተሞልተው ወደ ገበያ የመመለሳቸው ዕድል ይቀንሳል።