የአሮጌ ትራክተር ወንበር፦ ልባሱ ወይስ ሞላው?

አሮጌ ትራክተር ለሽያጭ ሲቀርብ ደላላው አስቀድሞ የሚያሳድሰው ቀለሙንና ወንበሩን ነው። በቀይ ቀለም በታደሰ ማሲ ፈርጉሰን ላይ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ልባስ ሲታይ የገዢው እጅ ቶሎ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ምን እንደሚፈጠር ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ ጽፏል፤ የትራክተር ወንበር አልታየውም እንጂ ለምሳሌነቱ ሳይሻል አይቀርም።

ወንበር ጌጥ አይደለም። መኪና ሞላና ባሌስትራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 መመረት እንደጀመረው ማሲ ፈርጉሰን 135 ያለ አሮጌ ትራክተር ግን የኋላ አክሰሉ ከአካሉ ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ በመሬቱና በኦፕሬተሩ ወገብ መካከል ያሉት ጎማውና ወንበሩ ብቻ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን በሠራተኛው መላ አካል ላይ የሚደርሰው ንዝረት 0.5 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ ከ1.15 ደግሞ ፈጽሞ እንዳያልፍ ደንግጓል። በአርሲና በባሌ እርሻ በሚጣደፍበት ወቅት ስምንት ሰዓት ሠርቶ የሚወርድ ኦፕሬተር ብዙ አይገኝም። ወገቡን ሲያመው ማርሽ ይቀንሳል፤ ትራክተሩ በሄክታር የሚከራይ ከሆነ ደግሞ የቀነሰው ፍጥነት ከባለቤቱ ገቢ ላይ ይነሣል።

ታዲያ አዲስ ወንበር ማስመጣት ወይስ ማልበስ? የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው ተመን በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ወንበር ዋጋው ከዶላር ጋር ሲወጣ፣ የአልባሹ የእጅ ዋጋ ግን በብር ነው። ሞላው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ማልበሱ ያዋጣል።

ዋናው ወጪ መዋል ያለበት ስፖንጁ ላይ ነው። ለፍራሽ የሚሆነው ለስላሳ ስፖንጅ ትራክተር ላይ ቶሎ ይተኛል፤ ቁርጥራጭ በማስቲሽ ተጣብቆ የተሞላማ አይወራም። መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ስፖንጆችን በእጅ መዝኖ ከበድ ያለውን፣ ተጭነው ሲለቁትም ቶሎ የሚመለሰውን መምረጥ ነው። ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ከበሰበሰ ወይም ላሜራው ከዛገ አብሮ ይለወጣል። ካቢን የሌለው ትራክተር ዝናብ ስለሚያገኘው ስፌቱ መቀመጫው መሐል ላይ እንዳያርፍ ለአልባሹ መንገር ይገባል፤ ውሃ በስፌቱ ገብቶ ስፖንጁ ውስጥ ከተኛ ላሜራውን ይበላዋል። ከሥር ቀዳዳ መተውም እንዲሁ ነው። ውሃው ይወርድበታል፤ ሰው ሲቀመጥ የሚወጣው አየርም ስፌቱን አያፈነዳውም።

ለገዢ የሚሆነው ፍተሻ ደግሞ ነጻ ነው። ትራሱን አንሥቶ ብረቱን ማየት፣ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ፣ ክብደት ማስተካከያ ካለው መሥራቱን መሞከር። ከዚያ ወደ እግር ሥር ነው። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ተልጎ እንደ መስተዋት ካብረቀረቀ፣ የወንበሩ አዲስነት የተገዛው ለሽያጩ ቀን ነውና ዋጋው ላይ ከደላላው ጋር እንደገና መነጋገር ያስፈልጋል።