ርስት ያልነበረን ሰዎች ምን እናወርሳለን?

ኔታንያ እየኖረ ኤቨን የሁዳን የማያውቅ ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። አንዱ ለጽዳት ወይም ለአትክልት ሥራ ሄዷል፤ ሌላው አጠገቧ ባለው በሐዳሲም የወጣቶች መንደር የሚማር ልጅ ሊጠይቅ። ዛሬ ግቢው ሰፊ፣ ቤቱ ቪላ ነው። በ1932 ስትመሠረት ግን (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ዕብራይስጥን መነጋገሪያ ቋንቋ ለማድረግ በደከሙት በኤሊዔዘር ቤን የሁዳ ስም የተሰየመች፣ ብርቱካን የሚለማባት የገበሬ መንደር ነበረች። ያን ጊዜ መሬት የያዘ ለልጁ አወረሰ፤ ልጁም ለልጁ። በአትክልቱ ቦታ ቤት ሲሠራበት የመሬቱ ዋጋ ሰማይ ነካ። የልጅ ልጁ ለዚያ ጭማሪ ላቡን አላፈሰሰም፤ መሬቱ እጁ ላይ ስለቆየ ብቻ ነው ያገኘው። ይህን የምለው በቅናት አይደለም። ሀብት አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚመጣ እንድናየው ብዬ ነው።

መንግሥትስ ከውርስ ላይ ምን ይወስዳል? ምንም። ድሮ የውርስ ግብር ነበረ፤ ሕጉ የወጣው በ1949 ነው። ከኤፕሪል 1981 ጀምሮ ግን ቀርቷል፤ ስለዚህ የሚያወርስ ያለው ሳይቀነስበት ያወርሳል። ግብሩ ሲቀር አብዛኞቻችን ገና ጎንደርና ትግራይ ነበርን! ይመለስ የሚሉ አሉ፤ ሟቹ በሕይወቱ ከፍሎበታል፣ ሁለት ጊዜ አይከፈልም የሚሉም አሉ። እኔ በጣም ትልቅ በሆነ ሀብት ላይ ብቻ ቢመለስ አልጠላም።

እስቲ ወደ እኛ እንምጣ። አያቶቻችን ሰነፎች ነበሩ? ኧረ በጭራሽ! አርሰዋል፣ ብረት ቀጥቅጠዋል፣ ሸምነዋል፤ ሴቶቻችን ሸክላ ሠርተዋል። ያልነበራቸው ርስት ነው። ከአባቶች እንደሰማችሁት፣ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን በጦር ካሸነፉ በኋላ፣ ጥምቀት ያልተቀበለ ሰው የአባቱን መሬት እንዳይወርስ አዘዙ። «ፈላሻ» የሚለው ስምም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ የሰው መሬት አርሶ እኩል ወይም ሲሶ መስጠት መጣ። ባለርስቱ ከተቆጣ ጎጆን ነቅሎ መሄድ ነው። ልብ በሉ፣ የጠፋው ማሳ ብቻ አይደለም። ርስት ያለው ሰው በክፉ ቀን የሚይዘው፣ ልጁን ሲድር የሚሰጠው አለው፤ አገር ሲሰበሰብም ቃሉ ይሰማል። የእኛ ሰው የሚያወርሰው መዶሻና ወናፍ፣ ቢበዛ ጥቂት ከብት ነበር። በ1975 ደርግ የገጠር መሬትን ሲወርስ አንዳንድ ወገኖቻችን የሚያርሱት መሬት ደረሳቸው፤ እሱም የማይሸጥ የመንግሥት መሬት ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙው ሰው የሱዳንን መንገድ ጀመረ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የገባውማ ከለበሰው ልብስ ሌላ ምን ይዞ ነበር?

ታዲያ ይህ ዕዳ የማን ነው? ዛሬ በዓለም ላይ የሚካሄደው የካሣ ክርክር የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የእኛ አገር ይህን ቀድማ ታውቀዋለች። በ1952 ጀርመን ለእስራኤል 3 ቢሊዮን ማርክ ለመክፈል ተስማማች። ከመፈረሙ በፊት ብዙ ሰው «የደም ዋጋ አንቀበልም» ብሎ ክኔሴት ላይ ድንጋይ ወርውሯል። ቤን ጉሪዮን ተቀበሉ፤ ገንዘቡም መርከብና የፋብሪካ መሣሪያ ሆኖ መጣ። የብሪታንያን ደግሞ ስሙ። በ1833 በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ለመሻር ሕግ ስታወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበች። ለማን ቢሉ፣ ለጌቶቹ! ባሪያ ለነበረው አንድ ሳንቲም አልደረሰውም። ለዚህ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው፤ የባሪያ ዘር ሆኖ ለንደን የሚኖር ሰው ሳይቀር በግብሩ ሲከፍለው ኖሯል ማለት ነው። የአፍሪካ ኅብረትም 2025ን የካሣ ዓመት ብሎ ሰይሞታል።

ስለ ካሣ ስናወራ ግን ፈረንጅን ብቻ መቁጠር ይቀናናል። ኢትዮጵያ ራሷ ባርነትን ጨርሶ የሻረችበትን አዋጅ ያወጣችው በ1942 ነው። በእኛም ቤት ነበረ። ይህን በቤተሰብ መጽሔት ላይ ማንበብ እንደማይመቻችሁ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልቀጥል። ርስት ያልነበረው ቤተ እስራኤል፣ አቅም ሲኖረው ባሪያ ይገዛ ነበር። የተገዛው ሰው ወንዝ ወርዶ ተነክሮ እምነቱን ይቀበላል፣ ሰንበትን ያከብራል፣ ከልጆች ጋር ያድጋል። ጋብቻ ላይ ሲደረስ ግን አይቀላቀልም። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሐጋር ሳላሞን ከእኛው ሰዎች አፍ ሰምተው ጽፈውታል፤ ስለዚህ ምስጢር አይደለም። የእነዚያ ሰዎች ልጆች ከእኛ ጋር አብረው መጥተዋል፤ አብረው በጦሩ ያገለግላሉ፣ አብረው ስግድ ይወጣሉ። ልጃችሁ እጮኛዋን ስትነግራችሁ ስልክ አንስታችሁ «ዘሩ ምንድን ነው? ጨዋ ነው?» ብላችሁ ካጣራችሁ፣ ያ ሰው ያልተከፈለው ዕዳ እያለ እናንተ ስድቡን ለልጅ ልጁ እያወረሳችሁት ነው። «ቡዳ» እየተባለ ያደገ ሕዝብ ይህ እንዴት ይጠፋዋል?

የእስራኤል የውርስ ሕግ፣ የ1965ቱ፣ በዚህ ነገር ላይ ሳያስበው መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል። ወራሾች ከመካፈላቸው በፊት የቀብሩ ወጪና የሟቹ ዕዳ፣ የሚስት ኬቱባ ጭምር ይከፈላል። ዕዳ ይቀድማል፤ የተረፈውን ነው የሚካፈሉት።

አሁን ብዙዎቻችሁ ስንት ዓመት ማሽካንታ የከፈላችሁበት ቤት አላችሁ። (የአሚዳር ቤት ከሆነ የእናንተ አይደለምና እንደ ንብረት አይወረስም።) በዘራችሁ የመጀመሪያው ርስት ይህ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ግማሹን ለባል ወይም ለሚስት፣ ግማሹን ለልጆች እኩል ይሰጣል፤ ወንድና ሴት ብሎ አይለይም። አገር ቤት እንደ ልጅ አሳድጋችሁት፣ እዚህ ግን በሕግ በጉዲፈቻ ያልተመዘገበ ልጅስ? ምንም አያገኝም። አርባ ዓመት «እማዬ» ቢላችሁም ለሕጉ ባዕድ ነው። የእነዚያ የተገዙት ሰዎች ልጆችም በስንት ቤት እንዲህ አድገዋል! ድርሻ እንዲኖረው ከፈለጋችሁ ስሙ በኑዛዜ መጻፍ አለበት።

ኑዛዜ በገዛ እጃችሁ ጽፋችሁ፣ ቀን አድርጋችሁ፣ ከፈረማችሁበት ይጸናል፤ ሕጉ በዕብራይስጥ መሆን አለበት አይልም። ጽሕፈት የማይሆንላችሁ ከሆነ ጠበቃ ጋር በሁለት ምስክር ፊት ይደረጋል። ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እንደ ልማዳችን ዕብራይስጥ የሚችለውን ልጅ አስከትለን እንሄዳለን፤ ጠበቃውን የሚያነጋግረውም የሚያስተረጉመውም እሱ ነው። ሕጉ ግን በኑዛዜው አደራረግ እጁን ያስገባ ወይም የመሰከረ ሰው፣ የእሱም ባል ወይም ሚስት፣ በዚያ ኑዛዜ የተሰጣቸው ይሰረዛል ይላል። ቤቱን ለእሱ ብላችሁ ያስጻፋችሁለት ልጅ በዚሁ ምክንያት ሊያጣው ይችላል፤ ወንድምና እህትም ፍርድ ቤት ሊካሰሱበት ይችላሉ። አስተርጓሚያችሁ ከውርሱ ምንም የማይደርሰው ሰው ይሁን፤ ልጃችሁ ግን ከበር ውጭ ይጠብቃችሁ።