ለምን ወደ ቤታቸው አይመለሱም?

መርካቶ ውስጥ በረንዳ ላይ ማዳበሪያ ለብሶ የተኛ የ14 ዓመት ልጅ ያየ ሰው «ቤተሰብ የለውም እንዴ?» ይላል። አብዛኞቹ ግን አላቸው። እናት ወይም አባት፣ አንዳንዴም ሁለቱም በሕይወት አሉ። መጠየቅ ያለበት ለምን አይመለስም የሚለው ነው።

ከቤት የሚያስወጣው ዱላ፣ ከእንጀራ አባት ወይም ከእንጀራ እናት ጋር አለመስማማት፣ የመሬት ጥበት፣ ከትምህርት መውደቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቱ ተደራርበው። ከወላይታና ከጋሞ ለሚመጡት ደግሞ መስቀልም አለ። በመስከረም ከአዲስ አበባ ለበዓሉ የሚገቡ ጎረምሶች አዲስ ጫማና ሱሪ ለብሰው፣ ለእናታቸው ነጠላ፣ ለሥጋው መዋጮ ብር ይዘው ይመጣሉ። የት እንደሚያድሩ አያወሩም። በዓሉ ሲያልፍ ታናናሾቹ ተከትለዋቸው ይነሣሉ። ልጁ እንግዲህ ሥራ ፍለጋ ነው የወጣው፤ ጎዳናው ኋላ የመጣ ነው።

ከመናኸሪያ ሲወርድ የአገሩን ልጅ ካገኘ የሊስትሮ ዕቃ ይዋሳል፣ ተደብሎም ቤት ያድራል። ካላገኘ ዕቃ ይሸከማል፣ ሶፍትና ማስቲካ ያዞራል፣ ቀን ከቀናው ለታክሲ ተሳፋሪ ይጠራል። ሲርበው ከሆቴል የተራረፈ ቡሌ አለ፤ እሱም በነፃ አይገኝም፣ ወይ ይገዛል ወይ ዕቃ አጥቦ ያገኘዋል።

ገንዘብ ማግኘቱ ከባዱ ነገር አይደለም። ከባዱ ማሳደሩ ነው። ኪሱ ውስጥ ብር ያለው ልጅ እንቅልፍ የለውም፤ ሲያንቀላፋ ጉልበተኞች ይፈትሹታል። ስለዚህ ያገኘውን ሳይመሽ ይጨርሳል፤ ይበላል፣ ኳስ ማሳያ ቤት ይገባል፣ ጓደኞቹን ይጋብዛል። አላፊ አግዳሚው አባካኝ ይለዋል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ስሌት አይታየኝም። የጋበዘው ጓደኛ ነገ ባዶ እጁን ሲውል ያበላዋል፣ ሌሊትም አጠገቡ ይተኛል። አንዳንዱ የሚያምናት ሻይ ሻጭ ዘንድ ያስቀምጣል። እሷ ቦታ ከቀየረች ወይም ከተነሣች ቁጠባውም አብሮ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የክረምቱ ዝናብም የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም በረንዳ ላይ አይቻሉም። ማስቲሽ የሚሳበው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብርዱንና ረሃቡን ለጥቂት ሰዓት ያስረሳል። ጫማ ማጣበቂያው ውስጥ ያለው ኬሚካል ግን አንጎልንና ጉበትን ይጎዳል፣ አንዳንዴም ልብን በድንገት ያቆማል።

ሴት ልጆች በረንዳ ላይ እምብዛም አይታዩም። ደላላ ከመናኸሪያ ተቀብሎ ቤት ሠራተኛ አድርጎ ስለሚያስገባቸው ነው። ደመወዝ ስትከለከል ወይም ስትደፈር ጠፍታ የምትወጣው ልጅ ከተማውን አታውቀውም፤ ከወንዶቹ ይልቅ ሌሊቱ የሚያስፈራው እሷን ነው።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ሊስትሮው ግን አሠሪ የለውም፤ የግል ቤት ሠራተኛዋን ደግሞ አዋጁ ራሱ ከወሰኑ ውጭ አድርጓታል። ሁለቱ ዋና ሥራዎቻቸው በሕጉ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመጣ፣ የመሳፈሪያ ብር ማጣት የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው። ብዙውን የሚይዘው እፍረት ነው። መንደሩ የሚጠብቀው ነጠላና ጫማ ይዞ የሚገባ ልጅ ነው፤ ባዶ እጁን፣ ያውም ቆሽሾና ከስቶ ከሚታይ ሌላ ዓመት እዚያው መቆየትን ይመርጣል። ለዚህ ነው ልጆችን ከቤተሰብ የሚያገናኙ ድርጅቶች ሰብስበው አውቶቡስ ላይ የማይጭኗቸው። መጀመሪያ ያሳርፏቸዋል፣ ያሳክሟቸዋል፣ ለምን እንደወጡ ያወያዩአቸዋል። ከዚያ ቤተሰቡን በቀበሌ በኩል አፈላልገው ያነጋግራሉ፤ ለትምህርት ዩኒፎርምና ደብተር፣ ለእናትየው መነገጃ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይጨምራሉ፣ ከወራት በኋላም ሄደው ያያሉ። የእንጀራ አባቱ ዱላ ካልቆመ አጎት ወይም አያት ዘንድ የሚያስቀምጡትም አለ። ዝም ብሎ የተመለሰ ልጅ በአብዛኛው ተመልሶ ይመጣል፤ በሁለተኛው ጊዜ መናኸሪያው ላይ ሰው አይፈልግም፣ በቀጥታ ወደሚያውቃቸው ልጆች ነው የሚሄደው።