ክብደት ለመቀነስ ስንት ግራም ፕሮቲን? የባቄላና የጓያ ሂሳብ

ጂም የጀመረ ጓደኛ ካላችሁ ይቺን ምክር ሳትሰሟት አልቀራችሁም፦ «እንጀራ ቀንስ፣ ፕሮቲን ጨምር!» እሺ፣ ግን ስንት? ደግሞስ ከየት? ስልክ ለስልክ የሚዞሩት ዝርዝሮች የዶሮ ሥጋ፣ እንቁላልና በጣሳ የሚሸጥ የፕሮቲን ዱቄት ይደረድራሉ። ደብረ ታቦር ለሚኖር፣ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም፣ ጓዳው ውስጥ ባቄላ፣ አተርና ገብስ ላለው ሰው ይህ ዝርዝር ብዙም አይረዳም። እኔ ደግሞ ትምህርቴ ምህንድስና ስለሆነ ቁጥር ካላየሁ አላምንም። ስለዚህ ሂሳቡን ከራሳችን ጓዳ ተነስተን እንሥራው።

ፕሮቲን ስብ አያቀልጥም። ክብደት የሚቀንሰው ሰውነት ከሚያወጣው ኃይል ያነሰ ሲያስገባ ነው፤ ይህን የሚሽር ምግብ የለም። ሰውነት ጉድለቱን ካጠራቀመው ስብ ይሸፍናል፤ ችግሩ ግን ከስቡ ጋር ጡንቻውንም መንካቱ ነው። ማገዶ ሲያልቅበት የገዛ ቤቱን ምሰሶ የሚፈልጥ ሰው አስቡ። በቂ ፕሮቲንና ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ አንድ ላይ ሲሆኑ ምሰሶውን ያተርፋሉ። ከዚህ ሌላ ፕሮቲን ጥጋቡ ይቆያል፤ ከፕሮቲን ከሚገኝ 100 ካሎሪ ውስጥም ከ20 እስከ 30 የሚሆነው ለራሱ ለመፈጨቱ ሥራ ይወጣል። ለእህል ስታርች ይህ ወጪ ከ5 እስከ 10 ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለጤነኛ አዋቂ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.83 ግራም ነው። ክብደት ለሚቀንስ ሰው ተመራማሪዎች በአብዛኛው ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይመክራሉ። ከዚያ በላይ ቢሆንስ? በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሙከራ አለ። 40 ወጣት ወንዶች ለ4 ሳምንት ምግባቸው ከሚያስፈልጋቸው ኃይል በ40 በመቶ ተቀነሰ፤ ከባድ ስፖርትም ይሠሩ ነበር። ግማሾቹ በኪሎ 2.4 ግራም፣ ግማሾቹ 1.2 ግራም ፕሮቲን ወሰዱ። ብዙ የወሰዱት በአማካይ 4.8 ኪሎ ስብ ቀንሰው 1.2 ኪሎ ስብ አልባ ክብደት ጨመሩ። የሌሎቹ የስብ ቅናሽ 3.5 ኪሎ ነው።

ይህን ውጤት ብዙዎች «ፕሮቲን በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው» ብለው ያወሩታል። እኔን የሳበኝ ሌላው ቡድን ነው። እነዚያ 1.2 ግራም ብቻ የወሰዱት፣ ያን ያህል ተርበውና ለፍተው፣ ስብ አልባ ክብደታቸው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ለመነሻ 1.2ን እንያዝ፤ የሚደረስበት ቁጥር ነው።

75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውሰዱ። 75 ሲባዛ በ1.2 በቀን 90 ግራም ይመጣል። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ፣ አተር ወይም ምስር በአማካይ 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። የጤፍና የገብስ ዱቄት 12 ግራም አካባቢ። ድንች፣ ጉና ሥር የሚወደደው ድንች፣ 2 ግራም ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አትቁጠሩት።

በተለመደው የጾም ቀን ይህ ሰው በእንጀራ መልክ 450 ግራም ዱቄት፣ በሽሮ 100 ግራም ጥራጥሬና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በላ እንበል። ፕሮቲኑ 78 ግራም፣ ኃይሉ ደግሞ 2,340 ካሎሪ ገደማ ነው። አሁን እንቀይረው፦ ሩብ ኪሎ ዱቄት፣ ሩብ ኪሎ ጥራጥሬ፣ 1 ማንኪያ ዘይት። ፕሮቲኑ 90 ግራም ደረሰ፤ ካሎሪው ግን ወደ 1,880 ወረደ። ሥጋም ዱቄትም አልተገዛም። የተለወጠው የእንጀራውና የወጡ ድርሻ ነው (ዘይቱን አትናቁት፤ አንዱ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ ነው)። በፍስክ ቀን ሁለት እንቁላል 12 ግራም ስለሚያመጡ ጥራጥሬው ይቀንስላችኋል።

ሩብ ኪሎ ጥራጥሬ ሲበስል ብዙ ነው፤ ሆድም ይነፋል። ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ዘፍዝፉት፣ ከፊሉን ንፍሮ ከፊሉን ክክ አድርጉት። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምትቆዩም ዋናው የቀኑ ድምር ስለሆነ በሁለት ማዕድ ማዳረስ ይቻላል።

«የእህል ፕሮቲን ጎደሎ ነው» የሚላችሁ ሰው በከፊል ልክ ነው። እህል ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜቲዮኒን ያጥረዋል። ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ይሞላል። አያቶቻችን የአሚኖ አሲድ ሠንጠረዥ ባያዩም ገበታው ትክክል ነበር።

ደቡብ ጎንደር ላላችሁ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ጥራጥሬ ጨምሩ ስል ጓያን አይጨምርም። ከደብረ ታቦር ወደ ጣና ወረድ ሲሉ፣ በፎገራ ሜዳ፣ ጓያ ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር አፈር ላይ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ከባቄላ አያንስም። ነገር ግን ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው። ለወራት ዋና ምግባቸው ያደረጉት ሰዎች እግራቸው እየገተረ ሽባ ይሆናሉ፤ ጉዳቱም አይመለስም። በደምቢያና በፎገራ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በወረርሽኝ መልክ ታይቶ ነበር፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በኋላ በዚያው አካባቢ በሰፊው አጥንተውታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጓያ በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ ሲበላ አደጋው ይጨምራል። ሜቲዮኒን ካላቸው እህሎች ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ይቀንሳል። አሁን የእኛን አመጋገብ መልሳችሁ እዩት፦ እህል ቀነስን፣ ጥራጥሬ ከእጥፍ በላይ አደረግን፣ ያውም በየቀኑ፣ ለወራት። በባቄላና በአተር ምንም አይደለም። በጓያ ከሆነ ግን መከላከያውን ቀንሶ መርዙን ማብዛት ነው።

ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ ይህ ሂሳብ ለእናንተ አይደለም፤ ጤና ባለሙያ አማክሩ። ቀድሞውንም ቀጭን የሆናችሁም እንዲሁ፤ የሚቀነስ ነገር የላችሁም።

ለሌሎቻችሁ፦ የተፈጨ ሽሮ ከገበያ ስትገዙ ከምን ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ፤ ጓያ ሊቀላቀልበት ይችላል። ከተቻለ ባቄላውንና አተሩን በፍሬው ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ ወፍጮ ቤት ራሳችሁ ውሰዱት። የጓያ ፍሬ ጠርዝ ጠርዝ ያለው፣ ጥርስ የሚመስል ስለሆነ ክብ ከሆነው አተር መለየቱ አይከብድም።